«ኢትዮጵያ» ብላችሁ ብትፈልጓት አታገኟትም

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያች አጭር መንገድ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ አምስተኛ ሆኜ ተጣብቄ ስሄድ ረዳቱ አሁንም ሰው ይጠራል። «ዶልፊን ናት፣ ግቡ! ሰፊ ናት!»

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ወደ እኔ ዞር አሉ። «አንተ፣ ዶልፊን አይተህ ታውቃለህ?»

«ውስጧ አይደል እንዴ ያለነው?» አልኳቸው።

«እውነተኛውን ነው የምልህ። ከምጽዋ ስንወጣ ከመርከቧ ፊት ፊት እየዘለሉ ይሸኙን ነበር።»

ያኔ ነው ያወቅኳቸው። ጎባ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ በስማቸው ሳይሆን «መርከቤ» በሚለው ቅጽላቸው። ወፍጮ ቤት ነው የሚሠሩት፤ ሞተር ሲበላሽ እስከ ዲንሾ ድረስ እሳቸው ይጠራሉ። ልጆች ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ «መርከቤ! መርከብህ የት አለች?» ብለን ጮኸን እንሮጥ ነበር። እኔም ጮኬያለሁ። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። «ባሕር ወለል» የሚለውን ቃል እንኳ ከጂኦግራፊ ደብተር ውጪ የሰማነው ከእሳቸው አፍ ነው። እዚህ ብርድ ውስጥ ጋቢ ለብሶ ስለ መርከብ የሚያወራ ሰው ለኛ ቀልደኛ ነበር። በርከት ያለው የከተማው ሰውም ወሬውን አያምንም ነበር፤ በተለይ የመርከቧን ስም ሲሰማ።

«ስሟ ማን ነበር?» ሲሏቸው «ኢትዮጵያ» ይላሉ። ሰው ይስቃል።

ከሚኒባሱ አብረን ወረድንና ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሸኘኋቸው። ስልኬን አወጣሁ። የልጅነት ጥፋቴን በሁለት ደቂቃ የምክስ መስሎኝ ነው፤ ፎቶዋን አግኝቼ «ይኸው ጋሼ» ልላቸው። «ኢትዮጵያ መርከብ» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ የባሕር በር ዜና ነው። በእንግሊዝኛ ሞከርኩ። ካርታ መጣ፣ ባንዲራ መጣ፣ አየር መንገድ መጣ። የአገሩ ስም መርከቧን ውጧታል። ብዙ ከቆየሁ በኋላ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አገኘሁ፤ ከሥሩ የተጻፈው ስም ግን «ኦርካ» ይላል።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «እሷ ናት» አሉ፤ በጣታቸው ሲነኩት ፎቶው ጠፋባቸው። መልሼ አመጣሁላቸው።

«ታዲያ ኦርካ ማን ናት?» አሉኝ፣ ቆጣ ብለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። ጦር ሰፈሩ ምጽዋ፣ የመኮንኖቹ ትምህርት ቤት አሥመራ ነበር። ካሠለጠኑት የውጭ ሰዎች መካከል ኖርዌያውያን መኮንኖች ነበሩበት። የኃይሉ አመራር ላይ የነበሩት የንጉሡ የልጅ ልጅ፣ ልዑል እስክንድር ደስታ ናቸው፤ በኅዳር 1967 ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። ትልቋ መርከብ የመጣችው በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ነው። 95 ሜትር ያህል ርዝመት አላት፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ትንሽ ብታጥር ነው። ጎኗ ላይ ኤ-01 የሚል ቁጥር ተሰጣት፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ሆነ።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሕይወት ነበራት። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ ውኃ ያስገቧት፣ በ1944 አገልግሎት ያስጀመሯት የባሕር አውሮፕላኖች እናት መርከብ ናት። ፊልም ላይ እንደምናያቸው አውሮፕላን ተሸካሚዎች ጀርባዋ ላይ ማኮብኮቢያ የላትም። አውሮፕላኖቹ ውኃ ላይ ያርፋሉ፤ እሷ ነዳጅ ትሰጣቸዋለች፣ ትጠግናቸዋለች፣ አብራሪዎቹን ታበላለች፣ ታስተኛለች። የአውሮፕላን ተሸካሚዎቹ ምስኪን ዘመድ በሏት። በፊሊፒንስ ደሴቶች አካባቢ በነበረው ጦርነት ተሳትፋ ሦስት የውጊያ ኮከብ አግኝታለች።

አሜሪካኖቹ ስም የሚያወጡት በደንብ ነበር። ያን ጊዜ የጦር መርከብ ስሙን ስትሰማ ዓይነቱን ታውቃለህ፦ የግዛት ስም ከያዘ ግዙፉ ባለ መድፍ ነው፣ የከተማ ስም ከያዘ ክሩዘር፣ የዓሣ ስም ከሆነ ሰርጓጅ። እንደ ኦርካ ያሉት የባሕር አውሮፕላን እናቶች ደግሞ የባሕር ሰላጤ ስም ይወርሳሉ። ኦርካ አላስካ ውስጥ ያለ ሰላጤ ነው። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ትንሽ በረዱ። ኦርካ የሚባለው እንስሳም ከዶልፊን ዘር ትልቁ እንደሆነ ስጨምርላቸው ሳቁ። «እንግዲህ ዶልፊኖቹ ዘመዳቸውን ነው የሚሸኙት!»

መርከበኞች ዘንድ የመርከብ ስም መቀየር ገድ የለውም የሚል የቆየ እምነት አለ። ጋሼ አይቀበሉትም። «ሚስትህ ስትጠመቅ የክርስትና ስም አይወጣላትም? ተጠመቀች በቃ» አሉኝ።

በ1972 ዓ.ም. ነው የተቀጠሩት፣ በ19 ዓመታቸው። ንጉሡ ወርደዋል፣ የንጉሡ ስም የነበረባቸው ነገሮች ሁሉ ስም ተቀይሮላቸዋል። የንግድ መርከቦቻችንን ብቻ ብታዩ ታሪኩ ይነበባል፦ በንጉሡ ዘመን የነበሩት «ንግሥተ ሳባ» እና «የይሁዳ አንበሳ» ይባላሉ፤ በደርግ ጊዜ «አብዮት»፣ «ነበልባል»፣ «ካራማራ» መጡ፤ ከ2005 ዓ.ም. ግድም ወዲህ ቻይና የተሠሩት ዘጠኙ ደግሞ የክልል ከተሞችን ስም ይዘዋል፣ ጅግጅጋ፣ አሶሳ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ እያሉ። (ጎባ የለችበትም። ሮቤም የለችበትም። ቅር ብሎኛል።) የጦር መርከቧ ግን ከንጉሡ ወደ ደርግ ስትሻገር ስሟ አልተነካም። ማን ይነካዋል? «ኢትዮጵያ»ን የሚፍቅ መንግሥት የለም። ስም አውጪዎቹ ብልሆች ነበሩ ለማለት ይቻላል።

ሥራቸው ማሽን ክፍል ነበር፣ ናፍጣ ሞተሮቹ ዘንድ። ዛሬ የወፍጮውን ሞተር በጆሮ ብቻ አዳምጠው ሕመሙን የሚነግሩት ከዚያ ያመጡት ሙያ ነው። ከእሷ ላይ የተረፋቸው ቀልድም አለ። ፈቃድ ወጥተው አገር ቤት ሲመጡ «ከኢትዮጵያ ወጥቼ ኢትዮጵያ ገባሁ» ይባባሉ ነበር። ሌሊት ተረኛ የሆነው «ዛሬ ኢትዮጵያን የምጠብቃት እኔ ነኝ» ይላል። ሶቪየቶች ከሰጡን ፍሪጌቶች አንዷ «ዘርዓይ ደረስ» ትባላለች፤ በፋሺስት ዘመን ሮም መሐል ጎራዴ በመዘዘው ጀግና ስም። «እነዚያ ዘርዓይ ላይ ነን ሲሉ ቶሎ ይገባሃል፤ እኛ ግን ኢትዮጵያ ላይ ነን ስንል ታዲያ ማን ያልሆነ አለ?» አሉኝ።

የካቲት 1982 ምጽዋ ከእጅ ወጣች። ግንቦት 1983 ደግሞ አሰብ። መርከቦቹ ሊይዙት የሚችሉትን ሰው ይዘው ወደ ማዶ፣ ወደ የመን ተሻገሩ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ያጥራሉ። ከወደብ የወረዱበትን ቀን የነገሩኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ኢትዮጵያን ጥለናት ወረድን።» ከዚያ የስደተኛ ሰፈር፣ ከዚያ መመለስ፣ ከዚያ የለቀቁት ሠራዊት ፈርሶ መቆየቱ። አንድ ቢሮ ሄደው የአገልግሎት ማስረጃ ጠይቀው ነበር። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰው ፎርሙ ላይ «ያገለገሉበት ክፍል» የሚለውን ሲሞሉ አይቶ «አባባ፣ አገሩን አይደለም፣ ክፍሉን ነው የጠየቅንዎት» አላቸው። «ክፍሉ ነው» ቢሉትም አልገባውም።

እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ነኝ። «እና አሁን የት ናት ይላል?» አሉኝ።

ገጹ መጨረሻ ላይ ተጽፏል። አይቼዋለሁ። እኔ የሚያውቁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሳቸው እስከዚያች ቀን ድረስ እዚያው የመን ወደብ ላይ እንደቆመች ነው የሚያስቧት። ዝጋ በልቷት፣ ግን ቆማ። የመን ጦርነት ሲሆን በሬዲዮ ሲሰሙ «መርከቧን መቷት ይሆን?» ብለው ይጨነቁ ነበር።

«እ.ኤ.አ. በ1993 ተሽጣለች ይላል» አልኩ።

«ለማን?»

«ለብረት።»

ቆራሌው እንደሚወስደው ድስት። እንዲህ አላልኳቸውም፤ ግን ሁለታችንም ያሰብነው እሱን ነው። ተነሥተው ሄዱና የወፍጮውን ሞተር አስነሡ፤ የሚፈጭ እህል የያዘ ሰው በር ላይ አልነበረም። ትንሽ አዳመጡት፣ አጠፉት፣ ተመልሰው ተቀመጡ። «የቀሩትስ?» አሉ። ጅቡቲ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1996 በጨረታ እንደተሸጡ ነገርኳቸው። ያን ዓመት የቀረችው የመጨረሻዋ ባሕር ኃይላችን ከሰመች።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ መርከብ ስም ማንበብ ጀመርኩና እስከ እኩለ ሌሊት አልተኛሁም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ ጀርመን «ዶይችላንድ» የምትባል ከባድ የጦር መርከብ ነበረቻት፤ ትርጉሙ «ጀርመን» ማለት ነው። ሂትለር ስሟን አስቀየረው፣ «ሉትሶቭ» ተባለች። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ብትሰምጥ ጋዜጣው ሁሉ «ጀርመን ሰመጠች» ይላላ! ሰውየው ክፉ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ገባኝ። የአገርን ስም አንድ ብረት ላይ ስትጽፍ የብረቱ ዕጣ የአገሩን ስም ይነካል። የኛዋ አልሰመጠችም። ሰው ወደብ ላይ ተረሳች፣ ከዚያ በኪሎ ተሸጠች። ያን ቀን ጋዜጣ ላይ «ኢትዮጵያ ተሸጠች» ብሎ የጻፈ ግን አላገኘሁም።

አሜሪካኖቹ አውሮፕላን ተሸካሚዎቻቸውን በአብዛኛው በፕሬዚዳንት ስም ነው የሚሰይሙት፦ ሊንከን፣ አይዘንሃወር፣ ፎርድ። ከነዚህ መሐል አንድ ስም ዓይኔን ያዘው። ዶሪስ ሚለር። የመርከብ ማዕድ ቤት ሠራተኛ የነበረ ጥቁር ወጣት ነው፤ ያኔ ጥቁሮች ባሕር ኃይሉ ውስጥ ከማብሰልና ከማስተናገድ ያለፈ ሥራ የሚሰጣቸው አልፎ አልፎ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓኖች ፐርል ሐርበርን ሲደበድቡ ሚለር ዌስት ቨርጂኒያ የተባለችው መርከብ ላይ ነበር። የቆሰሉትን ተሸከመ፣ ያልሠለጠነበትን መትረየስ ይዞ አውሮፕላኖቹ ላይ ተኮሰ። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ሜዳልያውን ደረቱ ላይ የሰካለት አድሚራል ኒሚትዝ ነው፤ ሥነ ሥርዓቱም የተደረገው ኢንተርፕራይዝ የምትባለው አውሮፕላን ተሸካሚ ላይ። በ1943 የተሳፈረባት ሊስኮም ቤይ በጃፓን ሰርጓጅ ተመታ ስትሰምጥ ከ600 በላይ ከሆኑት ሟቾች አንዱ ሆነ። ሊስኮም ቤይም እንደ ኦርካ የአላስካ ሰላጤ ስም ነው።

ዛሬ «ኒሚትዝ» የአንዲት አውሮፕላን ተሸካሚ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ለወደፊት የምትሠራ አንዷ «ዶሪስ ሚለር» እንድትባል ተወሰነ። ሰጪውም ተቀባዩም እኩል የመርከብ ስም ሆኑ። ኢንተርፕራይዝም ቢሆን ስሟ አልሞተም። በኋላ በኑክሌር የምትሠራ ሌላ ኢንተርፕራይዝ መጣች፤ እሷ አርጅታ ስትወጣ ደግሞ ከብረቷ ተቆርጦ ለሦስተኛዋ ኢንተርፕራይዝ ግንባታ ተወሰደ። ስም ብቻ አይደለም፣ ብረቱም ይወረሳል። የኛ ብረት የት ሄዶ ምን እንደሆነ፣ ማን ቤት ቆርቆሮ ሆኖ እንደተመታ እንጃ።

እኛ የስም ድሃ ሆነን አይደለም። ለጦር መሣሪያ ስም ማውጣት እናውቅበታለን። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀረጹትን መድፍ «ሴባስቶፖል» አሉት፤ በክራይሚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም። ምስሉ ዛሬ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። ዋናው ግን ፈረስ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የሚገርመው አቅጣጫው ነው፦ ሰውየው ስሙን ለፈረሱ አይሰጥም፤ የፈረሱ ስም ለሰውየው ይተርፋል። ያኔ አገር የሚያንቀሳቅሰው የጦር መሣሪያ ፈረስ ነበርና። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ይባል ነበር፤ ከሞተ ከስንት ዘመን በኋላ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃችን ስሙን ይዞ ሄደ። ፈረስ ያየ የባሌ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። እዚህ ዛሬም ገበያ የሚወጣው ግማሹ ሰው በፈረስ ነው፣ የፈረስ ስም «አባ እገሌ» ማለት ኦሮሞውም የሚያውቀው ወግ ነው። ሚኒባሱን እንኳ «ዶልፊን» እና «አባዱላ» ብለን የለየነው እኛው ነን።

ጎባ ያደረገችውም ይህንኑ ነው ለካ። ጋሼን «መርከቤ» ስንል አባ ታጠቅ እንደማለት ነው፤ ብቻ እኛ እየሳቅን ነበር።

በነጋታው ይህን ሁሉ ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ባሕር ኃይሉ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና እየተደራጀ ነው፤ አንድ ቀን ትልቅ መርከብ ይመጣል፣ ስም ይፈልጋል። የኔ ሐሳብ ግልጽ ነበር። የራሷ የሆነ፣ ፈልገው የሚያገኙት ስም ይሰጣት። «ኢትዮጵያ» እንዳይሉ። አንድ አገር ሙሉ ስም ውስጥ 95 ሜትር መርከብ ትጠፋለች፤ እሷ ስትጠፋ ማሽን ክፍሏ ውስጥ 11 ዓመት የሠራ ሰውም አብሯት ይጠፋል። መስኮት ላይ «አገሩን አይደለም» ይባላል። ዛሬ ዓለም የሚያውቃት በመጀመሪያ ስሟ ነው፤ 18 ዓመት በያዘችው እንጂ ከ30 ዓመት በላይ በጠራናት አይደለም።

ጋሼ እስክጨርስ ሰሙኝ። «ምን ትባል ነው የምትለው ታዲያ?»

«ሸበሌ» አልኩ። የኛ ተራራ ውኃ ነው ብዬ።

ሳቁ። «እሱማ የንግድ መርከብ አለ። ደግሞ ሸበሌ ባሕር አይደርስም።»

እውነታቸውን ነው። ዋቢ ሸበሌ ከባሌና ከአርሲ ተራሮች ተነሥቶ፣ ሶማሊያ ገብቶ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው በአብዛኛው ዓመት አሸዋና ረግረግ ውስጥ ይቀራል። ባሕር የማይደርስ ወንዝ ስም ይዛ ባሕር ላይ የምትሄድ መርከብ አለችን። የጎባ ቶጎና ነው የሚደርሰው፤ ወይብ ውስጥ ይገባል፣ ወይብ ከገናሌ ይቀላቀላል፣ ገናሌ ጁባ ሆኖ ውቅያኖስ ይገባል። «ቶጎና ይበሏት» አሉኝ ጋሼ፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየሁም።

ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «አይ። ኢትዮጵያ ትባል። ሁለተኛዋ ትሁን፣ ቁጥሯም ያው 01። እናንተ ፈልጋችሁ ባታገኟት ያጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ መቼ አጣኋት?»

አልተስማማንም። እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

ልሄድ ስነሣ ከወፍጮው ኋላ ወዳለው ጠባብ ክፍል ጠሩኝ። የእንጨት ሳጥን አለ፣ ሠራተኛ ልብሱን የሚያስቀምጥበት ዓይነት። በ1981 ፈቃድ ሲመጡ እዚህ ትተውት ነው የተረፈው፤ ሌላው ዕቃቸው ሁሉ የመን ቀርቷል። ዱቄቱን በእጃቸው ጠረጉት። ክዳኑ ላይ በግራጫ ቀለም፣ ከመርከቧ የተረፈ ቀለም ነው አሉኝ፣ ስሟና ቁጥሯ ተጽፏል። ፎቶ ላንሣው ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ፈቀዱልኝ።

ጽሑፉን ልልክ ስል አንድ ጊዜ ላንብብላቸው ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ጋሼ ግን ማዳመጡን ትተው ስክሪኑን ነጠቁኝ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ርዕሱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። በችኮላ «ኢትዮጲያ» ብዬ ነበር የጻፍኩት።

«ጵ ነው» አሉኝ። «ጲ አይደለም። እዚያ ሳጥን ላይ ሂድና እየው።»